ርግጫን መያዝና መልሶ ማጥቃት፦ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ ጠለፋው

ርግጫ ለመያዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰልጣኝ እጁን ወደ እግሩ ይልካል። ዓይኑ በሚመጣው እግር ላይ ይተከላል፣ አገጩን ሲጠብቅ የነበረው እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰውነቱ ግን ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ጎኑ ምቱን እንዳለ ይቀበላል፣ ፊቱ ይጋለጣል፣ ቢሳካለት እንኳ የሚይዘው የእግሩን ጫፍ በመሆኑ ተጋጣሚው ያለ ብዙ ድካም መንጭቆ ይወስድበታል። ይህ መመሪያ የሚያስረዳው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ርግጫ የሚያዘው በመጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በጎንና በደረት፣ በመጨረሻ በክንድ ነው። የእጅ ድርሻ እግርና ወገብ የጀመሩትን ሥራ መቆለፍ ብቻ ነው።

ጽሑፉ አቋቋምን፣ ጥበቃንና ርግጫ መመከትን አስቀድሞ ለተማረና በአሰልጣኝ ፊት ለሚለማመድ ሰው የተዘጋጀ ነው። መመከትን ገና በሚገባ ያልያዘ ጀማሪ ወደ መያዝ ባይቸኩል ይሻለዋል፤ መያዝ ራሱ ከመመከት የሚቀጥል እንቅስቃሴ እንጂ ለብቻው የሚቆም ዘዴ አይደለምና። መውደቅንም አብሮ መማር ግዴታ ነው፤ ከዚህ በታች የሚገለጹት አብዛኞቹ መልሶ ማጥቂያዎች የሚያበቁት ከሁለት ሰዎች አንዱ ምንጣፉ ላይ ሲያርፍ ነው።

ደንቡ ምን ይፈቅዳል

በአንዱ ስፖርት ነጥብ የሚያስገኘው ድርጊት በሌላው ቅጣት ስለሚያስከትል፣ ከልምምድ በፊት የሚወዳደሩበትን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡጢን፣ ርግጫንና መጣልን በሚያጣምረው የቻይና ስፖርት በሳንዳ ውድድር የተጋጣሚን እግር ይዞ መጣል ነጥብ ከሚገኝባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። በታይላንዱ ቦክስ በሙአይ ታይም እግር መያዝ፣ ይዞ መምታትና የቆመውን እግር ጠልፎ መጣል የተፈቀደ ሲሆን፣ ገደብ የሚደረገው ይዞ ሳይመቱ ወደ ፊት መግፋት ላይ ነው። በተቀላቀለ ማርሻል አርት ደግሞ በመያዝ ላይ ገደብ የለም፤ ሆኖም በተዋሃደው ደንብ መሠረት መሬት ላይ የወደቀን ተጋጣሚ ጭንቅላት መርገጥ ክልክል በመሆኑ፣ ተጋጣሚውን የጣለ ሰው ቀጣዩን ምት ከመሰንዘሩ በፊት ይህን ማስታወስ ይኖርበታል። በዓለም ቴኳንዶ ደንብ መያዝ ጋም-ጀም (የቅጣት ነጥብ) የሚያስቆጥር ጥፋት ሲሆን ነጥቡም ለተጋጣሚው ይሰጣል፤ በኪዮኩሺን ካራቴም መያዝ አይፈቀድም። በኪክቦክሲንግ ደንቡ እንደ አዘጋጁ ስለሚለያይ ከውድድሩ በፊት ዳኛውን መጠየቅ ያሻል።

በቴኳንዶ ወይም በኪዮኩሺን የሚወዳደር ሰው ግን ይህን ትምህርት ሙሉ በሙሉ መተው የለበትም። ርግጫን ቀድሞ የማንበቡና ከምቱ ጋር የመራመዱ ክፍል በየትኛውም ደንብ ሥር ይሠራል፤ ልዩነቱ እግሩን በክንድ በመቆለፍ ፋንታ እግሩ ገና ወደ መሬት ሳይመለስ በራስ ርግጫ መመለስ ብቻ ነው።

የትኛው ይያዛል፣ የትኛው ይታለፋል

ክብ ርግጫ ከዳሌ ተነሥቶ የሚዞር ረጅም ዘንግ ነው። እንደ ማንኛውም የሚዞር ዘንግ ጫፉ በጣም ይፈጥናል፣ ወደ መዞሪያው በተጠጋ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። በቅልጥሙ ታችኛው ክፍል የሚመታ ሰው የርግጫውን ትልቁን ኃይል ይቀበላል፤ ወደ ውስጥ ገብቶ ጉልበቱ አካባቢ ያገኘው ሰው ደግሞ ያንኑ ርግጫ በብዙ ቀንሶ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ነገር የረጋጩ መቆሚያ ነው። የቱንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ እግሩ በአየር ላይ እስካለ ድረስ ሙሉ ክብደቱ በአንድ ውስጥ እግር ስፋት ላይ ያርፋል፣ ቦታም መቀየር አይችልም። የመያዝ ዕድል የሚገኘው ርግጫው ካረፈበት ቅጽበት አንሥቶ እግሩ ወደ መሬት እስኪመለስ ባለችው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ለመያዝ የሚመቹት ሁለት ናቸው። አንደኛው በካራቴ ማዋሺ ጌሪ፣ በቴኳንዶ ዶልዮ ቻጊ የሚባለው፣ በወገብና በጎድን ከፍታ የሚመጣ ክብ ርግጫ ነው። ሁለተኛው ማኤ ጌሪ፣ አፕ ቻጊ ወይም በሙአይ ታይ ቲፕ የሚባለው የፊት ርግጫ ነው።

ወደ ጭን ወይም ወደ ባት የሚሰነዘርን ዝቅተኛ ርግጫ ለመያዝ ጎንበስ ማለት ጭንቅላትን ለጉልበትና ለቡጢ አሳልፎ መስጠት ነው፤ ለእርሱ መልሱ ቅልጥምን አንሥቶ መመከት ነው። የጭንቅላት ርግጫን በተመለከተ ሁለት ክንዶች በጋሻነት ሳይገናኙት እጅ ዘርግቶ ለመቅለብ መሞከር እጅን ከፊት ላይ አንሥቶ ለምቱ በር መክፈት ነው። በተረከዝ የሚመታ የዞረ ርግጫ ደግሞ የሚመጣበት አቅጣጫ ለመጠቅለል ስለማይመች፣ ከመንገዱ መውጣት ወይም ገና ሳይፈጥን ተጠግቶ ማፈን ይሻላል። በተለይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ መስሎ ተነሥቶ በመንገዱ ላይ ጉልበቱ የሚታጠፍና ወደ ጭንቅላት የሚወጣ ርግጫ ነው፤ መያዝ የለመደን፣ እጁንም ቶሎ የሚያወርድን ሰው ለመቅጣት ከዚህ የተሻለ ርግጫ የለም። በአንድ ዙር ሁለቴ ከያዙ፣ ሦስተኛው ርግጫ እንዲህ ያለ ሊሆን እንደሚችል ይጠብቁ።

ርግጫውን ከመነሣቱ በፊት ማንበብ

የተጋጣሚን እግር የሚመለከት ሰው ርግጫውን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ዓይን ሊያርፍ የሚገባው በደረቱ የላይኛው ክፍል፣ በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው፤ ከዚያ ሆኖ ትከሻንም ዳሌንም በአንድ ጊዜ ማየት ይቻላል። ክብ ርግጫ ከመምጣቱ በፊት የሚቆምበት እግር ጣቶች ወደ ውጭ ይዞራሉ ወይም እግሩ ጥቂት ወደ ጎን ይረግጣል፤ ዳሌው ይከፈታል፤ ብዙ ጊዜም የሚረግጥበት ወገን እጅ ከጥበቃ ወርዶ ወደ ኋላ ይወረወራል። የፊት ርግጫ ከሆነ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ወደ ደረት ይነሣል፣ ትከሻዎቹም ጥቂት ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ።

ይህን የሚያለማምድ ቀላል ሥራ አለ። ጓደኛዎ ርግጫውን ሳይጨርስ ጉልበቱን ብቻ ያንሣ፣ እርስዎም እጅዎን ከጥበቃ ሳያወርዱ «ክብ» ወይም «ፊት» ብለው ይጥሩ። ሰልጣኞች ይህን ሥራ እንደ ጨዋታ አይተው ሊዘሉት ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜ አሠራዋለሁ፤ እጁ ፈጣን ሆኖ ዓይኑ ከዘገየ ሰው ይልቅ እጁ ዘገምተኛ ሆኖ ዓይኑ የቀደመ ሰው ብዙ ርግጫ ይይዛልና።

ርግጫውን መጠበቅ ብቻ ሳይሆን መጋበዝም ይቻላል። ክርንዎን ከጎንዎ በሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርገው የጎድንዎን ክፍል በመጠኑ ካሳዩ፣ ወይም ተጋጣሚዎ ሁልጊዜ ከግራ ቡጢው በኋላ በቀኝ እግሩ የሚረግጥ መሆኑን አስተውለው ቡጢውን ሆን ብለው በጥበቃዎ ላይ ከተቀበሉ፣ የሚመጣው ርግጫ አስቀድመው የሚያውቁት ይሆናል። ግብዣው ግን ትንሽ መሆን አለበት። በሰፊው የተከፈተ ጥበቃ ብልህን ተጋጣሚ ያስጠረጥረዋል፣ ፈጣኑን ደግሞ እርስዎ ሳይደርሱ ያስገባዋል።

ወደ ጎን የሚመጣን ክብ ርግጫ መያዝ

ማብራሪያው እንዳይምታታ፣ ሁለታችሁም ግራ እግራችሁን ከፊት አድርጋችሁ ቆማችኋል፣ ተጋጣሚዎም በቀኝ እግሩ ወደ ግራ ጎንዎ ይረግጣል እንበል። በሌላው ወገን ለሚመጣ ርግጫ ግራና ቀኝን መለዋወጥ ይበቃል።

መጀመሪያ ይራመዱ። የተጋጣሚዎ ዳሌ መዞር ሲጀምር በቀኝ እግርዎ ወደ ቀኝና ጥቂት ወደ ፊት ይርገጡ፣ ግራ እግርዎም ተከትሎ የአቋቋምዎን ስፋት ይመልስ። ርግጫው ከግራዎ ወደ ቀኝዎ ስለሚጓዝ፣ ወደ ቀኝ መራመድ ከምቱ ጋር አብሮ መሄድ ነው፤ አብሮ የሚሄድ ሰውነት የሚያርፍበት ኃይል ይለዝባል። ጥቂት ወደ ፊት መግባትዎ ደግሞ የሚያገኝዎት የቅልጥሙ ጫፍ ሳይሆን ጉልበቱ አካባቢ እንዲሆን ያደርጋል። እርምጃው ከአንድ ጫማ ርዝመት ብዙም መብለጥ የለበትም። ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መሸሽ ግን ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ካላመለጡ በስተቀር፣ የሚያገኝዎት እጅግ የሚፈጥነው የእግሩ ክፍል ነው።

እርምጃው ሳያልቅ ጋሻው ይዘጋል። ግራ ክንድዎ ከጎንዎ ጋር ተጣብቆ ክርኑ ወደ ዳሌ አጥንት ይጠጋ፣ ጡጫው ከጉንጭዎ አጠገብ ይቆይ። ቀኝ እጅዎ ተሻግሮ መዳፉን ወደ ውጭ አድርጎ ከግራ ጉንጭዎ ፊት ይቁም። ሆድዎን አጥብቀው አጭር ትንፋሽ ያስወጡ። ምቱ በግራ ክንድዎ ውጫዊ ሥጋ ላይ ሲያርፍ፣ ርግጫው ካሰቡት በላይ ከፍ ቢል የሚያድንዎ ያ የተሻገረው ቀኝ እጅ ስለሆነ፣ እግሩ እስኪቆለፍ ድረስ ከቦታው አይነሣ።

ቀጥሎ መጠቅለል ይመጣል። እግሩ ክንድዎን በነካበት ቅጽበት ግራ ክንድዎ ከውጭ ወደ ታች ዞሮ በእግሩ ሥር ይገባና እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ይወጣል። ክንድዎ ከተጋጣሚው ቋንጃ ዝቅ ብሎ በባቱ ላይኛው ክፍል ሥር ይቀመጥ፣ መዳፍዎም የራስዎን ደረት ይያዝ፤ በዚህ ሁኔታ እግሩ በላይኛው ክንድዎና በጎድንዎ መካከል ተጨብጦ ይቀራል። በጣት ለመያዝ አይሞክሩ፤ ጓንት ያጠለቀ እጅ አይጨብጥም፣ ላብም ያንሸራትታል። ይህ ሁሉ በዓይን ተጠብቆ የሚሠራ አይደለም። እግሩ ክንድ ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ብቻ በመሆኑ፣ መጠቅለሉ መጀመር ያለበት ንክኪው በተሰማበት ጊዜ ነው። «መጣ፣ ያዝኩ» ብሎ የሚያስብ ሰው ሲያስብ እግሩ ሄዷል።

በመጨረሻ ቀና ይበሉ። ጀርባዎን ቀጥ አድርገው ደረትዎን ከፍ ሲያደርጉ የተያዘው እግር አብሮ ይነሣል፣ የተጋጣሚዎ ተረከዝም ከመሬት መላቀቅ ይጀምራል። ጎንበስ ብሎ እግሩን ማቀፍ የሚታይ ስሕተት ነው፤ እግሩ ዝቅ ስለሚል ሚዛኑን አያጣም፣ ጎንበስ ያለው ጭንቅላትም ለክርኑና ለቡጢው ይቀርባል።

እግሩን የሚይዙበት ቦታ የሚከተለውን ሁሉ ይወስናል። ወደ ቁርጭምጭሚቱ ከተጠጉ ተጋጣሚው ረጅም ማንሻ ስለሚያገኝ ጉልበቱን አጥፎ ይነጥቃል፤ ከጉልበቱ በላይ ጭኑን ካቀፉ መያዣው የጠነከረ ይሆናል፣ ግን አንገትዎን ሊይዝ በሚችልበት ርቀት ላይ ይሆናሉ። ትግል ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁለተኛው ጥሩ ነው፤ ለቀሪው ግን ከቋንጃ በታች ያለው ቦታ፣ እርስዎ በተዘረጋ ቡጢ ሲደርሱበት እርሱ በቀላሉ የማይደርስበት በመሆኑ፣ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የፊት ርግጫ

የፊት ርግጫ ቀጥ ብሎ ስለሚገባ ከምቱ ጋር ወደ ጎን መሄድ አይቻልም፤ መስመሩን መልቀቅ ያስፈልጋል። ተጋጣሚው ጉልበቱን ሲያነሣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይውጡ፣ ሆድዎንም ወደ ውስጥ ይሰብስቡ። ሁለት መልስ አለ። ቀላሉ መጥረግ ነው፦ ከፊት ያለው እጅ ከክርን ወደ ታች ክብ ሠርቶ ቁርጭምጭሚቱን ወደ ጎን ይገፋል፤ እግሩ ከመስመሩ ሲወጣ ተጋጣሚው ጎኑን ወይም ጀርባውን ሰጥቶ ይረግጣል፣ የእርስዎ ምትም በዚያ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው መቅለብ ነው፦ አንዱ መዳፍ ከታች ተረከዙን ይቀበላል፣ ሌላው እጅ ከላይ በእግሩ ላይ ያርፋል፣ ከዚያም እግሩን ወደ ላይና ወደ ፊት በመግፋት ተጋጣሚው በጀርባው እንዲወድቅ ወይም ወደ ኋላ እንዲንገዳገድ ይደረጋል።

በመቅለቡ ጊዜ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ተጣብቆ መሆን አለበት። ይህን የምለው ከራሴ ጉዳት ተነሥቼ ነው፤ ሠልጣኝ በነበርኩበት ጊዜ ተከፍቶ የቀረ አውራ ጣቴን አንድ ጠንካራ የፊት ርግጫ ወደ ኋላ ጠምዝዞት ለሳምንታት ጓንት ማጥለቅ አልቻልኩም። ተጋጣሚው ከርስዎ የሚከብድ ከሆነ ወይም ርግጫው እንደ ቲፕ ገፍቶ የሚገባ ከሆነ መቅለቡን ትተው መጥረጉን ይምረጡ። የጎን ርግጫም እንዲሁ ነው፤ በሚረግጠው ሰው ጀርባ በኩል ወጥቶ መጥረግ ይበቃል።

እግሩ ከተያዘ በኋላ

የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚያደርገውን ስለማያውቅ ቆሞ ይቀራል። ያ ቆይታ ተጋጣሚው አንድ እጁን በትከሻዎ ላይ አሳርፎ ሚዛኑን እንዲመልስ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ አስቀድሞ የተወሰነ መሆን አለበት፣ እርሱም ነፃ በሆነው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ ነው። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ግራ ክንድዎ እግሩን ሲቆልፍ ቀኝ ቡጢዎ ወዲያው ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት የተጋጣሚው እጆች ሚዛን ለመጠበቅ ተበታትነዋልና አገጩ ያለ ጥበቃ ነው። ይህ ቡጢ ባይጥለውም እንኳ እጆቹን ወደ ፊቱ ስለሚመልስ ለሚቀጥለው ሥራ መንገድ ይከፍታል።

ከቡጢው በኋላ ያለው ምርጫ በተጋጣሚው እንቅስቃሴ ይወሰናል። ወደ ኋላ ለመሸሽ በአንድ እግሩ ከዘለለ፣ እግሩን ወደ ላይ እያነሡ ሁለት እርምጃ ይከተሉትና ይግፉት። ቆሞ ሚዛኑን ከጠበቀ፣ በቀኝ እግርዎ የቆመበትን ጭን ከውጭ ይርገጡ፤ ክብደቱ ሁሉ በዚያ እግር ላይ ስላረፈ ሊያነሣው፣ ሊመክትም አይችልም። ወደ እርስዎ ተስቦ አንገትዎን ለመያዝ ከመጣ፣ የያዙትን እግር ወደ ቀኝዎ አሻግረው ይወርውሩት፤ ሰውነቱ አብሮ ይዞርና ጎኑ ወይም ጀርባው ወደ እርስዎ ይሆናል፣ ከዚያም እግሩ መሬት ሲነካ ርግጫዎ ይደርሳል። ይህ የመጨረሻው መልስ ብዙ ጉልበት የማይጠይቅ፣ ይዞ መቆየትንም የማያስፈልገው ስለሆነ፣ ደንቡ መያዝን በሚያጠብቅበት ውድድር ለሚሳተፍ ሰው በጣም እመክረዋለሁ።

ጠለፋው

ከመልሶቹ ሁሉ ከፍ ያለ ሙያ የሚጠይቀው የቆመውን እግር መጥለፍ ነው። ጠላፊው ይሳካለት ዘንድ ሦስት ኃይሎች በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው፤ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛውን ብቻ፣ ማለትም እግራቸውን ብቻ ስለሚጠቀሙ ነው።

በምሳሌያችን የተያዘው ቀኝ እግሩ በግራዎ በኩል ነው፣ የቆመበት ግራ እግሩ ደግሞ በቀኝዎ በኩል። መጀመሪያ የያዘው ግራ ክንድዎ ወደ ላይ ያነሣል፤ ይህ ሰውነቱን ወደ እርስዎ ቀኝ ያዘነብለዋል። ቀኝ እጅዎ በግራ ትከሻው ወይም በማጅራቱ ላይ ያርፍና በዚያው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ ቀኝና ወደ ታች ይስበዋል። በዚያው ቅጽበት ቀኝ እግርዎ ከውጭ መጥቶ የቆመበትን እግር ከባቱ በታች ወደ ግራ ይጠርገዋል። ላይኛው አካል ወደ ቀኝ፣ ታችኛው ወደ ግራ ሲሄድ መሐሉ ይሽከረከራል፣ ሰውየውም ይወድቃል። እጁ ቀድሞ እግሩ ከዘገየ ተጋጣሚው በዝላይ ያስተካክላል፤ እግሩ ቀድሞ እጁ ከዘገየ ደግሞ እንጨት የመቱ ያህል ይሆናል፣ የሚጎዳውም የራስዎ እግር ነው።

ከመጥለፉ በፊት በግራ እግርዎ አጭር እርምጃ ወደ ግራ ፊት ቢገቡ የሚቆሙበት መሠረት ይሰፋል፣ ተጋጣሚውም ለመከተል ይገደዳል። የተያዘ ሰው ሲከተል በአንድ እግሩ እንጣጥ ማለቱ አይቀርም፤ ጠለፋው የሚደርስበት ትክክለኛ ጊዜ ያ ነው። እግሩ መሬት ላይ ተተክሎ ሳለ ብዙ ኃይል የሚጠይቀው ሥራ፣ እግሩ ሊያርፍ ሲል ወይም ሊነሣ ሲል በቀላሉ ይሆናል። ስለዚህ ጠላፊ የሚያደምጠው የተጋጣሚውን እንጣጣ ነው፤ አንድ እንጣጣ ያስጀምራል፣ በሁለተኛው ይጠልፋል።

የጓደኛዎ ጉልበት

በዚህ ልምምድ ውስጥ ከቡጢ ይበልጥ የምፈራው የጉልበት ጉዳትን ነው። እግሩ የተያዘ ሰው የቆመበት ውስጥ እግር በምንጣፉ ላይ ተጣብቆ ሳለ ሰውነቱ ቢጠመዘዝ፣ ጠመዝማዛው የሚያርፈው በጉልበቱ ውስጥ ባሉት ጅማቶች ላይ ነው። የተያዘውንም እግር ከጉልበቱ መታጠፊያ ውጭ ወደ ጎን ማዞር ተመሳሳይ አደጋ አለው። ስለዚህ ጥቂት ነገሮች በምንም ሁኔታ አይጣሱ፦ ጠለፋው ከባት በታች እንጂ በጉልበቱ ጎን አያርፍም፤ የተያዘውን እግር ይዘው አብረው አይወድቁም፤ ጓደኛዎ ሲወድቅ እግሩን ወዲያው ይለቁታል፤ በልምምድ ጊዜ በቆመው ጭን ላይ የሚሰነዘረው ርግጫ መንካት ብቻ ነው።

የሚወድቀውም ድርሻ አለው። አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ክንዶቹን ከሰውነቱ ጥቂት አርቆ በመዳፍና በክንድ ምንጣፉን ይመታል። ክንድን ቀጥ አድርጎ በመዳፍ ለመደገፍ መሞከር የእጅ አንጓንና ክርንን የሚሰብር ልማድ ስለሆነ፣ ይህን ያልተወ ሰልጣኝ ከተቀመጠበትና ካጎነበሰበት አቋም መውደቅን እንደገና ይለማመድ እንጂ ወደ ጠለፋ አይለፍ።

ልምምዱ እንዴት ይደራጅ

ሁለታችሁም የቅልጥም መከላከያ፣ የጥርስ መከላከያና የብሽሽት መከላከያ ካደረጋችሁ በኋላ፣ ሥራውን በአራት ደረጃ ብትከፍሉት ይሻላል። በመጀመሪያው ጓደኛዎ ከኃይሉ ሲሶውን ብቻ እየተጠቀመ፣ የሚረግጥበትን እግርም አስቀድሞ እየነገረ፣ በእያንዳንዱ ወገን 10 ጊዜ ይረግጣል፤ እርስዎ የሚሠሩት እርምጃና ጋሻ ብቻ ነው፣ አይይዙም። ይህን ደረጃ ብዙዎች በአንድ ቀን ሊያልፉት ይፈልጋሉ፤ እኔ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አቆያቸዋለሁ፤ እርምጃው ሳይታሰብ የሚመጣ ልማድ ካልሆነ በፍጥነቱ ጊዜ እጅ ብቻ ይቀራልና።

በሁለተኛው ደረጃ መጠቅለሉ ይጨመራል፤ ይይዛሉ፣ ቀና ይላሉ፣ ይለቃሉ። በሦስተኛው አንድ መልስ ብቻ ይጨመራል፣ በአንድ የልምምድ ቀንም ከአንድ በላይ መልስ አይቀላቀል። በአራተኛው ጓደኛዎ የፈለገውን ቡጢና ርግጫ በ3 ደቂቃ ዙር ውስጥ ይሰነዝራል፣ እርስዎ ግን በዙሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲይዙ ይፈቀድልዎታል። ይህ ገደብ የማይመቸውን ርግጫ እንዲተዉ ያስገድዳል፤ ገደብ የሌለበት ሰልጣኝ ሁሉንም ለመያዝ ይሮጣል፣ በዚያም መካከል የጭንቅላቱን ርግጫ ይቀበላል።

የሚይዝ ሰው እየበዛ ሲሄድ ረጋጮች መርገጥ መፍራት ይጀምራሉ፣ ልምምዱም ይሞታል። መፍትሔው ረጋጩም እግሩን ማስለቀቅን እንዲማር ማድረግ ነው።

የራስዎ እግር ሲያዝ

ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ መጀመሪያ መፈለግ ያለብዎት ማምለጫውን ሳይሆን መደገፊያውን ነው። በቅርብ ያለው እጅዎ የያዥውን ትከሻ ወይም ማጅራት ይያዝ፣ ሌላው እጅ አገጭዎን ይጠብቅ። የቆሙበትን ጉልበት ጥቂት አጠፍ ያድርጉ፤ ቀጥ ያለ እግር ለጠላፊ ይመቻል። ከዚያ የተያዘውን እግር ጉልበት ወደ ውስጥና ወደ መሬት ያዙሩት፣ ዳሌዎን ወደ ያዥው ይግፉት፣ እግርዎንም ዘርግተው ወደ ታች ይጫኑት። ወደ ኋላ መጎተት የያዥውን መንጠቆ ያጠብቀዋል፤ ወደ እርሱ መግባትና ወደ ታች መጫን ግን ክንዱን ይከፍተዋል። ክንዱ ካልተከፈተ በማጅራቱ ላይ ያለውን እጅ ተጠቅመው ተጠግተው ይቀፉት፤ በመካከላችሁ ክፍተት ከሌለ ለቡጢውም ለጠለፋውም የሚሆን ቦታ አያገኝም፣ እግርዎም በመጨረሻ ወደ መሬት ይወርዳል።

ይህንንም ጥንድ ሆናችሁ ተለማመዱት፦ አንዱ ይዞ ለ10 ሰከንድ ጠለፋ ይፈልጋል፣ የተያዘው ለ10 ሰከንድ ሳይወድቅ ይቆያል ወይም ያስለቅቃል፣ ከዚያም ተራ ትለዋወጣላችሁ። ያዥው የጓደኛውን እንጣጣ ለማድመጥ የሚማረውም በዚህ ሥራ ነው።